አባቴ ከሬዲዮ የቀዳቸው ዘፈኖች

እናቴ የሞተችው ከተማው ሁሉ ሚሊኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ በሚልበት ክረምት ነው። በዚያ ሰሞን መርካቶ በየበረንዳው ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ይጨፍር ነበር። የእኛ ቤት ሬዲዮ ግን ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል። ሐዘን ቤት ዘፈን አይሰማም፤ ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፣ ግን ከተጻፈው ሁሉ በላይ ይከበራል። በእኛ ቤት አስከባሪዋ አክስቴ ነበረች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከቀብሩ ጀምሮ ጓዟን ጠቅልላ እኛ ዘንድ ከርማለች። በደጃችን እያፏጨ የሚያልፍ ሰው ቢኖር በመስኮት ብቅ ብላ ዝም ብላ ታየዋለች፤ ሰውየው ፉጨቱን ይውጠዋል።

የእኔ እንጀራ ደግሞ ዘፈን ነው። በኤሌክትሮኒክስ ሱቆች መሀል የተሰነቀረች፣ ደንበኛ ሲገባ ትንፋሼን የምሰበስብባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። እዚያ ኮምፒውተር ይዤ በሰው ማጫወቻ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ሞባይል ገና በሁሉም እጅ አልገባም፤ ዘመኑ የኤምፒስሪ ነበር። አውራ ጣት የምታህል የቻይና ማጫወቻ አንገቱ ላይ ያላንጠለጠለ ወጣት ማግኘት ይከብድ ነበር። ከሐዘን ወደ ሱቄ ስመለስ ደንበኞቼ ጥቁር ልብሴን አይተው «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጥናሽ» ይሉኛል፤ ትንሽ አንገታቸውን ደፍተው ይቆዩና «ጭፈራ ነገር ምን አዲስ አለ?» ይላሉ። አልቀየማቸውም። መርካቶ ነው፤ ሐዘንና ገበያ ጎን ለጎን ይውላሉ።

በሥራዬ ነዝናዛ ነኝ። ከሲዲ የማወጣውን ዘፈን ኮምፒውተሬ ላይ የማስቀምጠው ሳልጨምቅ፣ እንዳለ ነው። ያልተጨመቀ ዘፈን ቦታ ይፈጃል፤ የሱቅ ጎረቤቶቼ «ለአንድ ዘፈን ቪላ ትሠሪለታለሽ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሰው ለሆዱ የሚጠነቀቀውን ሩቡን እንኳ ለጆሮው አይጠነቀቅም። ለደንበኛ ስጭን ግን እጨምቀዋለሁ፣ አማራጭ የለኝም። ከአውቶቡስ ተራ የሚመጡት የክፍለ ሀገር ሾፌሮች የሚፈልጉት ጥራት ሳይሆን ብዛት ነው። «ጅማ እስክገባ አንድም እንዳይደገምብኝ አድርገሽ ሙይልኝ» ይሉኛል። አልፎ አልፎ ጠያቂ ሰው ይመጣና «ሲጨመቅ ምኑ ነው የሚቀነሰው?» ይለኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «የማይሰማው ነው። ትልቅ ድምፅ ባለበት ከሥሩ ያለውን ትንሹን ድምፅ ጆሮ አይለየውም። ፕሮግራሙ እሱን አውጥቶ ይጥለዋል።» ይህን ስናገር አስተማሪ አስተማሪ ይለኝ ነበር፤ ደስ ይለኛል።

አባቴ ዕድሜውን ሁሉ በርበሬ በረንዳ የነገደ ሰው ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ሳቁ ከሁለት ሱቅ ማዶ የሚሰማ። እናቴ ከሞተች በኋላ ምግብ አልሄድ አለው። መጀመሪያ ማንም አላስጨነቀውም፣ ሐዘንተኛ ነው ተባለ። አርባዋ ወጣ፤ እሱ ግን እዚያው ፍራሹ ላይ፣ ጺሙን አሳድጎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ቀረ። ጉርሻ ስንሰጠው እንዳይቀየመን አፉ ውስጥ ይይዘዋል፣ ከዚያ ዞር ስንል ያወጣዋል። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ ሰፋ። ሐኪም ቤት ወስጄው «በሽታ የለበትም፣ ይብላ» አሉኝ፤ እኔና አክስቴ ያላወቅነው ይመስል። ማታ ማታ አክስቴ ጓዳ ገብታ የተመለሰውን ሳህን ስትገለብጥ እሰማለሁ። ፈርቼ ነበር። ከእናቴ መቃብር አጠገብ ሌላ ጉድጓድ ሲቆፈር ይታየኝ ጀመር።

አባቴን ከዘፈን ለይቼ አላውቀውም ነበር። ሱቁ ውስጥ ከበርበሬው ጆንያ በላይ ሁልጊዜ አንዲት ሬዲዮ ነበረች። አንድ ቀን አክስቴ ገበያ በወጣችበት አጠገቡ ተቀመጥኩና ጠየቅኩት።

«አባባ፣ ዘፈን ላምጣልህ?»

«በሐዘን ቤት?»

«በጆሮህ ብቻ ነው። በኢርፎን። ጎረቤት አይሰማም፣ አክስቴም አትሰማም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እምቢ ሊለኝ ነው ብዬ ልነሳ ስል፣ «ካሴቶቼን እዚያ ላይ መጫን ትችያለሽ?» አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ነገር ሲፈልግ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ካሴቶቹ አልጋ ሥር በካርቶን ተቀምጠዋል። አንዱም ከሱቅ የተገዛ አይደለም፤ አባቴ ራሱ ከሬዲዮ የቀዳቸው ናቸው። ልጅ እያለሁ እሁድ ከሰዓት በኋላ የአድማጮች ምርጫ ሲጀምር ቴፑን ከሬዲዮው ፊት ለፊት ያስቀምጣል፣ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫናል፣ ከዚያ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ቤቱን በሙሉ ያስራል። ያን ጊዜ ማስነጠስ ወንጀል ነበር። እኔ ትንፋሼን ይዤ እቀመጣለሁ። እናቴ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ትሠራለች።

ቴፑ አርጅቶ አይዞርም ነበር። ውስጡ ያለው ላስቲክ ተልፈስፍሷል። ምን አለሽ ተራ ሄጄ ከሞቱ ቴፖች ክምር ውስጥ ልኩን ላስቲክ ፈልጌ አገኘሁና ሱቄ ውስጥ ገጠምኩት። ከዚያ ካሴቶቹን እያከታተልኩ ወደ ኮምፒውተሩ መቅዳት ጀመርኩ፤ እንደ ልማዴ ሳልጨምቅ፣ እንዳሉ። ግን አልሰማኋቸውም። ጥቁር የለበሰች ሴት የፍቅር ዘፈን ከፍታ ብትቀመጥ አላፊ አግዳሚው ምን ይላል? ስለዚህ ድምፁን ዘግቼ ካሴቱ በዝምታ ይዞራል፣ እኔ የደንበኛ ሥራ እሠራለሁ፣ ካሴቱ ሲያልቅ እገለብጠዋለሁ። መስከረም ጠብቶ ሥራዬ ሳይጠናቀቅ ሰነበተ።

ሲያልቅ የተገኘው ዘፈን ለአባቴ ያዘጋጀኋት ማጫወቻ ከምትችለው እጅግ የበለጠ ሆነ። እኔ ደግሞ አንድም እንዲቀርበት አልፈለግኩም። ሁሉንም ጨመቅኩት፤ መጀመሪያ ልከኛ አድርጌ፣ አልገባ ሲል ደግሞ ፕሮግራሙ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ድረስ አውርጄ። ለሾፌሮቹ እንኳ እንዲያ ጨምቄ አላውቅም። ትንሽ ከነከነኝ፣ ግን ከሬዲዮ የተቀዳ ዘፈን ድሮውንስ ምን ጥራት አለው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የአባቴ የዕድሜ ልክ ዘፈን አውራ ጣት በምታህል ዕቃ ውስጥ ገባ፤ ኮራሁ።

ወስጄ ጋቢው ሥር አስጨበጥኩት፣ ኢርፎኑን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲመጣ አየሁ፤ ከዚያ ቆየ፣ ቆየና ሄደ። ሌላ ዘፈን አለፈ፤ አሁንም ይጠብቃል። እንግዳ ይመጣል ተብሎ በር በሩን እንደሚያይ ሰው ነበር። በመጨረሻ ኢርፎኑን አወለቀና ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ከተተው።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ደክመሽበታል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አልነካትም። ምግቡም እንደዚያው ነው። እኔ ተናደድኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ አኮረፍኩ። የሳምንታት ልፋቴ ትራስ ሥር ተቀብሯል። አንድ ጠዋት ቁርሱን ሳይነካ ሲመልስልኝ አላስችል አለኝ።

«አባባ፣ ምን ጎደለው? ዘፈኖችህ ናቸው፣ ሁሉም አሉ።»

«እነዚህ የእኔ አይደሉም» አለኝ።

«የአንተው ካሴት ነው እኮ። አንድም ሳላስቀር ነው የቀዳሁት።»

«ዘፈኖቹስ አሉ።»

«ታዲያ?»

«አጥበሻቸዋል» አለ። ቃሉን የፈለገው ተቸግሮ ነው።

እኔም የለመድኩትን ንግግር አወጣሁ። እንዲገባ ስል ጨምቄዋለሁ፣ ሲጨመቅ የሚወጣው የማይሰማው ብቻ ነው አልኩት። ለጠያቂ ደንበኛ እንደማስረዳው፣ ትልቁ ድምፅ ትንሹን ስለሚሸፍነው ጆሮ አያጣውም ብዬ አስረዳሁት። አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«የማይሰማው ለማን ነው?» አለኝ።

መልሴን አልጠበቀም። በዝግታ፣ ግድግዳውን እያየ፣ «እናትሽ አለችበት» አለ። «ከዘፈኖቹ ኋላ። ስታስል፣ ድስት ስትከድን፣ ስትገባ ስትወጣ። የትኛው ላይ የት ቦታ እንደምትመጣ አውቀዋለሁ። ያኔ ካሴቴን አበላሸሽ ብዬ እጣላት ነበር።» ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበው። «ዘፈኑን ምን አደርገዋለሁ እኔ?»

ሱቄ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። በሩን ገርበብ አድርጌ ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ አደረግኩና ያልተጨመቀውን ከፈትኩት። መጀመሪያ ሽው የሚል የካሴቱ ድምፅ፣ ከዚያ አንዲት ዘፋኝ፣ ከኋላዋ መሰንቆ። ምንም የለም ብዬ ነበር። ከዚያ ዘፋኟን መስማት ተውኩ፤ ዘፋኟን መተው ከባድ ነው፣ ጆሮ ወደ ትልቁ ነገር መሮጥ ይወዳል። ስተዋት ግን ከሥሯ ቤታችን ብቅ አለ። የድስት ክዳን። የጫማ ኮቴ። ከዚያ ሳል፤ ያ ከበርበሬ ነጋዴ ጋር የኖረች ሴት ሳል፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ የምትስለው። እናቴ አጠገቤ ያለች መሰለኝና ዞር አልኩ።

ሌላውን ከፈትኩ። አንድ የክራር ዘፈን አለ፤ አጋማሹ ላይ እናቴ አንድ ነገር ትናገራለች። ቃሉ አልለይ አለኝ፣ መላልሼ ሰማሁት፣ ክራሩ እየረገጠው ያልፋል፤ ግን ድምፁ እሷ ናት፣ ጥርጥር የለውም። ወዲያው ከዘፈኑ ሁሉ ጎልቶ፣ ከቴፑ አጠገብ፣ የአባቴ «እሽሽሽ» ይሰማል። ከዚያ እሷ ዝም ትላለች። ዘፈኑ ይቀጥላል።

የጨመቅኳቸውን እነዚያኑ ሁለት ዘፈኖች ከፍቼ አስተያየኋቸው። ከመጀመሪያው ላይ ሳሉ የለም። ከክራሩ ዘፈን ላይ «እሽሽሽ» የሚለው አለ፣ ጮክ ያለ ስለሆነ ተርፏል። የእናቴ ንግግር ያለበት ቦታ ግን ውኃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ነገር ሆኗል። ለአባቴ ያሰማሁት ራሱን ነው፣ ማንም በሌለበት አየሩን ዝም ሲያሰኝ። ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ። በቀብሯ ዕለት ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩት፤ ያኔ እንግዳ ሳስተናግድ፣ ወንበር ሳቆጥር ነበር የዋልኩት።

በማግስቱ ለአባቴ ነገርኩት። ሳይጨመቅ ልጭንልህ እችላለሁ፣ ማጫወቻዋ ታነበዋለች፤ ግን ጥቂት ብቻ ነው የምትይዘው፣ ምረጥ አልኩት። እኔ በበኩሌ ጥሩ ጥሩውን አስቤለት ነበር። እሱ የመረጠው ግን ግማሹን ቴፑ የበላውን፣ ሬዲዮው ከጣቢያ የወጣበትን፣ እኔ ለደንበኛ ለመስጠት የማፍረውን ሁሉ ነው።

«አባባ፣ ይሄኛው እኮ መጨረሻው የለውም» አልኩት።

«እሷ ከመሀል ነው የምትገባው» አለኝ። ተከራክሬ አላውቅም ከዚያ በኋላ።

ከዚያ ወዲህ ኢርፎኑ ከጆሮው አልወረደም። ጋቢውን ይከናነባል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አልፎ አልፎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አክስቴ ገመዱን ያየችው በሁለተኛው ቀን ነው። ጓዳ ጠርታ ልታፈርጠኝ ነው ብዬ አንገቴን ሰብስቤ ጠበቅኩ። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጎረቤት መጥታ «ጋሼ ጆሯቸው ላይ ምንድን ነው?» ስትል ግን አክስቴ ዓይኗን ሳታሽ «የጆሮ ሕክምና ነው፣ ሐኪም ያዘዘላቸው» አለች። ያቺ ሬዲዮ በነጠላ የምትሸፍን ሴት። አምናበት ይሁን ዋሽታ ሊገባኝ አልቻለም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም። ሕክምና ቢሆን ደግ ነበር፤ አባቴ አሁንም አይበላም። ፊቱ ሰላም አግኝቷል፣ ሰውነቱ ግን እየሄደ ነው። እንዲያውም ወደ እሷ የሚሄድበትን መንገድ እኔው በእጄ ጠርጌለት ይሆን የሚል ሐሳብ ያስጨንቀኝ ጀመር።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእድር ሰዎች ሊጠይቁን መጡ። ቤቱ ሞላ። አክስቴ ምሳ አቅርባላቸው በሉ፤ አባቴ ፊት የተቀመጠው ሳህን እንደተከደነ ነው፣ ማንም አይቶ እንዳላየ ሆነ። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጋቢው እስከ ግንባሩ ወርዶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ከሰዎቹ አንዱ ስለ ዘንድሮው ዝናብና ስለ በርበሬው ምርት ቀስ እያለ ያወራል።

በመሀል አባቴ «መጣሁ» አለ።

ኢርፎን ያደረገ ሰው የራሱን ድምፅ አይለካም፤ ሱቄ ውስጥም ደንበኞች ማጫወቻ ሲሞክሩ እየጮሁ ነው የሚያናግሩኝ። የአባቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ከቀብሩ ወዲህ ያልሰማነው፣ የድሮው የሱቁ ድምፅ ነበር።

«መጣሁ፣ አንዴ ጠብቂኝ፤ መጣሁ አልኩሽ።»

ዝናቡን የሚያወራው ሰው አፉን እንደከፈተ ቀረ። አንዲት ሴት አማተበች። አባቴ ዓይኑን ሲገልጥ ሰው ሁሉ ወደ እሱ እያየ ነው፤ ፊቱ በሐፍረት ሲለወጥ አየሁ፣ የማደርገው ጠፋኝ። አእምሮው ተነካ ብለው ሊወጡ ነው፣ ነገ መርካቶ ሁሉ ሊሰማው ነው ብዬ ፈራሁ።

አክስቴ ተነሳች። ሄዳ ፊቱ ቁጢጥ አለችና ከአንድ ጆሮው ኢርፎኑን አወጣች፤ ወደ ራሷ ጆሮ አልወሰደችውም፣ መዳፏ ላይ ያዘችው።

«ምን አለችህ?» አለችው፣ በቀስታ።

«ና ምሳህን ብላ፣ ቀዘቀዘ እኮ ትለኛለች» አለ አባቴ። አሁንም ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። «ያኔ ዝም በይ አልኳት። ካሴት እየቀዳሁ ነበር።»

አክስቴ ኢርፎኑን ጋቢው ላይ አኖረችው። ከዚያ ተነስታ ማስታጠቢያውንና ጆጉን አመጣች፤ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት ተንበርክካ ውኃ አፈሰሰችለት። አባቴ እጁን ታጠበ። ሳህኑን ከፈትኩለት። ዝናቡን የሚያወራው ሰው ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ፣ ከበፊቱ ጮክ ብሎ፤ ሌሎቹም እየተቀባበሉ ስለ ዝናብ አወሩ፣ ማንም ወደ እኛ አላየም። እስከ ዛሬ ስለዚያ አመሰግናቸዋለሁ። አባቴ ቆርሶ ጎረሰ። አላመጠ። ዋጠው። ደግሞ ጎረሰ።

ከዚያ ቀና ብሎ አክስቴን አያትና «ጨው አንሶታል» አላት።

አክስቴ በወጧ ለመጣባት ሰው የማትመለስ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ጨው ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቶሎ አልወጣችም፤ እኔም አልጠራኋትም።